ሁሉንም ራሴ ልሥራ የሚል ድርጅት ምን እየነገረን ነው?

(ለአምራቾችና ለወጣት ነጋዴዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ መልስ ደክሟችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ድርጅት ታስተዳድራላችሁ። ሥራችሁ ጫማ ነው፣ ዘይት ነው፣ ቡና ነው፣ የታሸገ ውሃ ነው። ግቢያችሁን ዞር ዞር ብሎ ላየ ሰው ግን ሌላም ብዙ ሥራ አለ። ጥግ ላይ ጄኔሬተር ይጮኻል። ጉድጓድ ተቆፍሯል። በር ላይ የራሳችሁ አይሱዙ ቆሟል። ለአይሱዙው መካኒክ በደሞዝ ተቀጥሯል። አንዳንዶቻችሁማ ካርቶን የሚያመርት ማሽን ለማስገባት እያሰባችሁ ነው። ጫማ ሊሠራ የተነሳ ሰው ሳያስበው የመብራት፣ የውሃና የትራንስፖርት ድርጅት ባለቤት ሆኖ አረፈው።

ይህን የሚያይ ሰው ሁለት ነገር ይላል። አንዱ "ጎበዝ፣ ራሱን የቻለ ድርጅት!" ብሎ ያደንቃል። ሌላው "ሁሉን ካልያዝኩ የሚል፣ ሥራ ማካፈል የማያውቅ" ብሎ ይተቻል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ድርጅት ሁሉንም ራሴ ልሥራ ሲል ብዙ ጊዜ የሚነግረን በዙሪያው ያለው ገበያ የት ጋ እንደተሰበረ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። የተሰበረውን ሳናይ ድርጅቱን ብንተች ወይም ብናደንቅ ምንም አንጠቅምም።

ጥያቄው የቆየ ነው። ሮናልድ ኮዝ የሚባል እንግሊዛዊ ገና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ስኮላርሺፕ አግኝቶ አሜሪካ ሄደ። እዚያም ፋብሪካ እየዞረ ኃላፊዎችን መጠየቅ ያዘ። መምህራኑ ገበያና ዋጋ ሁሉን ያስተካክላል ብለውታል። እሱ ደግሞ እንዲህ ሲል አሰበ፦ ዋጋ ሁሉን የሚያስተካክል ከሆነ ድርጅት የሚባል ነገር ለምን አስፈለገ? ሠራተኛ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚዛወረው አለቃው ስላዘዘው እንጂ ዋጋ ስለተለወጠ አይደለም። በ1937 መልሱን አሳተመ፤ ያኔ 26 ዓመቱ ነበር። የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው በ1991 በ80 ዓመቱ ነው።

መልሱ ሲያዩት ቀላል ነው። ገበያን መጠቀም ራሱ ወጪ አለው። ሻጭ መፈለግ፣ ዋጋ መጠየቅ፣ መከራከር፣ ውል መጻፍ፣ የመጣው ዕቃ የተባለው ዕቃ መሆኑን ማጣራት፣ ካልሆነም መክሰስ። ይህ ሁሉ የግብይት ወጪ ነው። ራስ መሥራትም የራሱ ወጪ አለው። አለቃው ይደክማል፣ ሥራው ይበዛበታል፣ ይሳሳታል። የድርጅቱ ድንበር ሁለቱ ወጪዎች እኩል የሚሆኑበት ቦታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ ገዝቶ የሚበላ ቤት ይህን ሒሳብ በደንብ ያውቀዋል። እንጀራ ውስጥ ጀሶ ይቀላቀላል የሚለው ወሬ ሲነሳ የእንጀራው ዋጋ አልጨመረም፤ የማጣራቱ ወጪ ግን ጨመረ። "ከማን ነው የምንገዛው?" ማለት ጀመርን።

ኮዝ በሩን ከፈተ እንጂ የትኛው ግዢ እንደሚያስቸግር ለይቶ አልነገረንም። ያንን የሠራው ኦሊቨር ዊሊያምሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤልን ከኤሊኖር ኦስትሮም ጋር የተካፈለው። ሚስማር የሚገዛ ሰው አይጨነቅም። አንዱ ሻጭ ቢያስወድድበት ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ለአንድ ደንበኛ ብቻ የሚሆን ማሽን ብትገዙስ? ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ያ ደንበኛ "ዋጋ ቀንሱ" ቢላችሁ የት ትሄዳላችሁ? እጃችሁ ተጠምዝዟል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ማሽኑን መጀመሪያውኑ አይገዛም። ትልቁ ጉዳት ይኸኛው ነው። ጠቡ ሳይነሳ፣ ጠቡን በመፍራት ብቻ፣ መሠራት የነበረበት ሳይሠራ ይቀራል።

ለዚህ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ታሪክ የጄኔራል ሞተርስና የፊሸር ቦዲ ነው። ፊሸር የመኪና ቦዲ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 መኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) 60 በመቶ ድርሻውን ገዛ፤ የአሥር ዓመት ውልም ታሰረ። ዋጋው የማምረቻ ወጪ ላይ 17.6 በመቶ ተጨምሮበት እንዲሆን ተስማሙ። በ1926 ጂኤም ቀሪውን ድርሻ ጠቅልሎ ወሰደ። ለምን? በ1978 ክላይን፣ ክራውፎርድና አልቺያን የሚባሉ ሦስት ኢኮኖሚስቶች ጉዳዩን በእጅ ጥምዘዛ አስረዱት። የተዘጋ ቦዲ ያለው መኪና ፍላጎት ከታሰበው በላይ ሲያድግ ፊሸር ውሉን መጠቀሚያ አደረገው፣ ፋብሪካውንም ጂኤም አጠገብ አልተክልም አለ ይላል ትረካቸው። ታሪኩ በየዩኒቨርሲቲው ይሰጥ ጀመር።

ደስ የሚለኝ ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኮዝ ራሱ፣ በ89 ዓመቱ፣ ሰነዶችን አገላብጦ ታሪኩ እንዲያ አልሆነም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ፊሸር ከጂኤም አጠገብ ፋብሪካ ሲሠራ እንደነበር አሳየ። ኤ.ኦ. ስሚዝ የሚባል የሻሲ አምራችም ዋና ደንበኛው ጂኤም ሆኖ ሳለ ሳይጠቀለል ለረጅም ጊዜ በሰላም ሠርቷል። እኔ በዚህ ጉዳይ ከሽማግሌው ጎን ነኝ። የእጅ ጥምዘዛ ፍርሃት እውነተኛ ነው። መድኃኒቱ ግን ሁልጊዜ መጠቅለል አይደለም። ነገ የሚፈለግ ስም ያለው፣ ረጅም ዝምድና ያለው፣ የአክሲዮን ድርሻ የተለዋወጠ ሰው በቀላሉ እጅ አይጠመዝዝም።

አሁን ወደ ቡናችን ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከኛ አገር ነገሮች ሁሉ ይህን ጥያቄ በደንብ የሚያሳየው ቡና ነው።

ይርጋጨፌ አካባቢ ያለ ገበሬ ጠዋት የቀላውን እሸት ይለቅማል። ከሰዓት በኋላ በጆንያ ይዞ መፈልፈያው ጋ ይደርሳል። እሸት እንደ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ እንደደረቀው ቡና፣ ቤት ተቀምጦ ዋጋ አይጠብቅም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይፈላል፣ ጣዕሙም ይሄዳል። ስለዚህ ሚዛኑ ፊት የቆመው ገበሬ "ዋጋው ካልተስተካከለ ይዤ እመለሳለሁ" ቢልም የሚመለስበት ነገር የለውም። የመፈልፈያው ባለቤትም የራሱ ጭንቀት አለው። ማሽኑ፣ የማጠቢያ ገንዳው፣ ማድረቂያ አልጋው ሁሉ የሚሠራው በዓመት ጥቂት ወራት ነው። በነዚያ ወራት እሸት ካላገኘ ከነባንክ ዕዳው ይቀራል። ሁለቱም አንዱ በሌላው እጅ ላይ ናቸው። ዊሊያምሰን በመጽሐፍ የጻፈውን የኛ ገበሬ በየዓመቱ ሚዛን ላይ ያየዋል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቡና አዋጅ፣ ቁጥር 602፣ ይህንን ሰንሰለት በሕግ ቆራረጠው። አቅራቢው አቅራቢ ነው፣ ላኪው ላኪ ነው፤ ቡናው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ያልፋል። ላኪ ገበሬው ድረስ ወርዶ እሸት መግዛት አይችልም። በቀጥታ መላክ የተፈቀደላቸው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና የራሳቸው እርሻ ያላቸው ነበሩ። ሐሳቡ መጥፎ ነበር አልልም። ዋጋ በአደባባይ ታየ። ደግሞም ምርት ገበያው ላይ የሸጠ አቅራቢ ገንዘቡ በማግስቱ ባንክ ይገባለት ነበር። ቡና ሰጥቶ ላኪን ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባዋል።

ዋጋም ተከፈለበት። መጋዘን የገባ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከመሰሉ ጋር ይቀላቀላል። ከየትኛው መፈልፈያ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ማወቅ ቀረ። ውድ ቡና የሚገዛ የውጭ ገዢ ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚያ ስም ነው። አንድ መፈልፈያ በቀይ እሸት ብቻ ሠርቶ፣ አልጋው ላይ ሌት ተቀን ተጨንቆ ጥሩ ቡና ቢያወጣ፣ ከሰነፍ ጎረቤቱ ጋር አንድ ደረጃ ውስጥ ከወደቀ አንድ ዋጋ ነው። ታዲያ ማን ይጨነቃል?

በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1051 መጣና በሩ ተከፈተ። ነጋዴው ዛሬ "ቀጥታ ትስስር" የሚለው አሠራር የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ላኪዎች መፈልፈያ መግዛትና መከራየት፣ ከአቅራቢ ጋር በውል መያያዝ ያዙ። የቡናው ስም እስከ ገዢው መድረስ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር ከሲዳማ የመጣው አንደኛ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ 185 ዶላር ወጣለት። ይህ የውድድር ቡና ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው፤ የዘወትር ዋጋ አድርጋችሁ እንዳታስቡት። የስም ዋጋ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ግን ያሳያል።

እንግዲህ ትስስር ሁሉን ፈታ ማለት ነው? አይደለም። በምርት ገበያው ያለፈ ቡና በማግስቱ ይከፈላል። በውል የተሰጠ ቡና የሚከፈለው ገዢው ሲከፍል ነው። የማንነቱን ችግር ስንፈታ የክፍያውን ዋስትና ከእጃችን አወጣን። ሁለቱን አብሮ የሚይዝ መንገድ መኖር ነበረበት፤ የመፈልፈያውን ስም ከጆንያው ሳይለይ በማግስቱ የሚከፍል ገበያ። ይህ የማይቻል ነገር አይደለም፤ አሁንም ሊሠራበት ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ላኪው መፈልፈያውን ጠቅልሎ ከገዛም ሌላ ነገር ይመጣል። ማድረቂያ አልጋ ላይ ያለ ቡና ሕፃን እንደማሳደግ ነው። ይገላበጣል፣ ፀሐይ ሲበረታ ይሸፈናል፣ ዝናብ ሲያጉረመርም ማታ በሩጫ ይሸፈናል። ትናንት ይህን የሚያደርገው ባለቤቱ ነበር፤ ከተበላሸ የሚበላሸው የራሱ ገንዘብ ነውና። ዛሬ ያው ሰው ደሞዝተኛ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። ሌሊት ዝናብ ሲመጣ እንደ ትናንቱ ዘሎ ይነሳል? ኢኮኖሚስቶቹ ኦሊቨር ሃርትና ሳንፎርድ ግሮስማን እ.ኤ.አ. በ1986 የጻፉት ዋና ነገር ይኸው ነው። አንድን ድርጅት ስትገዙ በውል ያልተጻፈውን ሁሉ የመወሰን መብት ታገኛላችሁ። በዚያው ልክ ከሻጩ ላይ የባለቤትነቱን ትጋት ትወስዳላችሁ። ሃርት እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ነው።

ከቡና ሳልወጣ አንድ ሌላ ዓይነት ትስስር ላንሳ። ለረጅም ዓመታት አንዳንድ ላኪዎቻችን ቡናን አገር ውስጥ ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝተው በኪሳራ ይልኩ ነበር። ሰው "አብደዋል እንዴ?" ይላል። አላበዱም። ቡናው ዶላር ያመጣል፤ በዶላሩ ብረት፣ መለዋወጫ፣ ሸቀጥ ያስገባሉ፤ ትርፉ ያለው እዚያ ነው። ላኪነትና አስመጪነት አንድ ጣሪያ ሥር የገቡት የሥራ ዝምድና ኖሯቸው አልነበረም። ዶላር በገበያ ስለማይገኝ ነው። ቡና ብቻ የሚልክ ሰው ከነዚህ ጋር በዋጋ መወዳደር አቅቶት ከሥራ ይወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ያን ትስስር የሚያቆየው ምክንያት መዳከም ጀመረ። ድርጅቱ አንድ ቦታ ላይ አብጦ ስታዩ የተዘጋውን ቧንቧ ሌላ ቦታ ፈልጉት የምለው ለዚህ ነው።

የቢራ ገብስን በአጭሩ ልንካው። ፋብሪካው ለአርሲ ገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ይሰጣል፤ ገበሬው ምርቱን ለፋብሪካው ሊያስረክብ ይዋዋላል። ዋጋ ሲወጣ ገበሬው ለሌላ ነጋዴ ይሸጣል። ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ገዢው "እርጥበቱ በዛ፣ ጥራቱ ጎደለ" ይላል። እጅ ጥምዘዛው በሁለቱም በኩል ነው። ፋብሪካዎቹ ለምን የራሳቸውን ገብስ አያርሱም? መሬቱ በአነስተኛ ገበሬ እጅ ነው፤ ለገብስ ከገበሬው በላይ የሚተጋም የለም። ብቅል ማብቀሉስ? ድሮ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ነበር፤ የጎደለው ከውጭ ይመጣ ነበር። የቢራ ፋብሪካው ሲበዛ ቦርትማልት ደብረ ብርሃን ላይ፣ ሱፍሌ ቦሌ ለሚ ላይ ብቅል ሥራ ብቻ ይዘው መጡ። አንድ ቢራ ፋብሪካ ለብቻው ብቅል ቤት መትከል ሊከብደው ይችላል። ብዙ ደንበኛ ያለው ብቅል አምራች ግን ያዋጣዋል።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1951 ያለው ይህንን ነው። ኢንዱስትሪ ሕፃን ሲሆን የሚገዛበት ስለሌለው ሁሉን ራሱ ይሠራል። ገበያው ሲሰፋ አንዷን ሥራ ብቻ ይዘው የሚኖሩ ድርጅቶች ይፈጠራሉ። ጄኔሬተር፣ ጉድጓድና ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች በዚህ ዕድሜ ላይ ናችሁ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን እዩት። እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ አዲስ አበባ ውስጥ አብራሪ የሚያሠለጥን፣ ሞተር የሚጠግን፣ ለመንገደኛ ምግብ የሚያዘጋጅ ድርጅት ከየት ይመጣል? እነዚህን ሁሉ በጊዜ ሂደት ራሱ አቋቋመ። ዛሬ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ አብራሪዎችና ቴክኒሺያኖች እሱ ጋ ይሠለጥናሉ፤ አውሮፕላናቸውን እሱ ጋ የሚያስጠግኑ አየር መንገዶችም አሉ። ለራሱ ሲል የሠራው ክፍል ለሌሎች ገበያ ሆነ። ከሁሉም ትስስሮች የማደንቀው ይህን ዓይነቱን ነው።

ከመጠን በላይ ማካፈልም ያስከፍላል። ቦይንግ 787ን ሲሠራ ክንፉን ለጃፓኖች፣ የአካሉን ክፍሎች ለጣሊያንና ለአሜሪካ ድርጅቶች ሰጠ፤ ዝርዝር ዲዛይኑን ሳይቀር። የራሱ ኢንጂነር ሃርት-ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዲህ ያለው አካሄድ ትርፉንም አብሮ አሳልፎ መስጠት ነው ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። በ2007 አውሮፕላኑ ለሕዝብ ሲታይ በጊዜያዊ ብሎን የተያያዘ ቅርፊት ነበር። በ2008 አገልግሎት ይጀምራል የተባለው አውሮፕላን ለመጀመሪያው ደንበኛ የተሰጠው በ2011 ነው። የኛ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በ2005 አዝዞ የመጀመሪያውን የተረከበው በኦገስት 2012 ነው። ቦይንግ በመሃል፣ በ2009፣ ሳውዝ ካሮላይና ያለውን የአቅራቢውን የቮትን ፋብሪካ ለመግዛት ተገደደ። ክፍሎቹ እርስ በርስ መግጠም አለባቸው፤ መግጠማቸውን የሚያውቀውን ሰው ግን ከድርጅቱ አስወጥተውት ነበር።

መኪና አምራቹ ፎርድ ደግሞ በተቃራኒው የጎማውን ጥሬ ዕቃ ሳይቀር ራሴ ላምርት ብሎ ብራዚል ድረስ ሄዶ የጎማ ዛፍ ሊተክል ሞከረ። ተባይና በሽታ ጨረሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ትቶት ወጣ።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ማስገባት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁን ይመለከታል። ጠያቂው ጫማ አምራች ነው። ሶል የሚያቀርብለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሰውየው ሲፈልግ ያዘገያል፣ ሲፈልግ ዋጋ ይጨምራል። "የሶል ማሽን ላስገባ ወይ?" አለኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ማሽኑ ከቀኑ ስንት ሰዓቱን ለአንተ ይሠራል የሚል ነው። ሁለት ሦስት ሰዓት ነው አለኝ። እንግዲያው የቀረውን ለጎረቤት መሸጥ አለብህ። ጎረቤቶችህ ጫማ ሠሪዎች ናቸው፣ ተፎካካሪዎችህ። የሚቀጥለውን ሞዴል ሶል ካንተ ያሠራሉ? ወዲያው ሳቀ። "አያሠሩም" አለ። ማሽኑ አብዛኛውን ቀን ቆሞ ዕዳ ይበላል ማለት ነው።

ስለዚህ ማሽኑን ሳይሆን ሞልዱን ግዛ አልኩት። ሞልዱ የሶሉን ቅርጽ የሚያወጣው ብረት ነው፤ ከማሽኑ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። ላንተ ሞዴል ብቻ የሚሆነው እሱ ነው፤ እጅህ የተያዘውም በሱ ነው። መኪና አምራቾችም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ብረቱ የነሱ ሆኖ አቅራቢው ፋብሪካ ውስጥ ይቀመጣል። ሞልዱ ያንተ ከሆነ አቅራቢው ሲያስቸግርህ አንሥተህ ሌላው ጋ ትወስደዋለህ። ብረቱ የማን እንደሆነና ስትጠይቅ በስንት ቀን እንደሚያስረክብህ በውሉ ላይ አስፍር። ርክክቡንም በፊርማ አድርገው። ሌላ ሶል ሠሪ ከአሁኑ ፈልግና ትንሽ ትንሽ ትዕዛዝ ስጠው፤ ትንሽ ቢያስወድድብህም። ማሽኑን የማስገባቱን ነገር፣ ትዕዛዝህ ቀኑን ሙሉ ሲሞላው እንደገና እናወራለን።